ሙንጊ ባዌንዲ እና ኳንተም ዶት፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ለኳንተም ዶት፣ ማለትም ብርሃን ለሚያወጡ በጣም ጥቃቅን የክሪስታል ቅንጣቶች፣ ከተሰጠ ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ስለ አሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሙንጊ ባዌንዲ ብዙ ይወራል፣ ብዙው ግን ልክ አይደለም። ኬሚስትሪ ዲፓርትመንት የደረሳቸው ልጆች ደሞ እንዲህ አይነት ወሬ ሰምተው ነው "እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም" የሚሉት፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

"ሲጀምር የኬሚስትሪ ሰቃይ ነበር"

አልነበረም። ሃይስኩል ብዙም ሳያጠና ነው ያለፈው፣ ሃርቫርድ ገብቶ የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ፈተና ሲፈተን ግን ከ100 ያገኘው 20 ነው፣ ከክፍሉ የመጨረሻው ውጤት! ይሄን የተናገረው ራሱ ነው ኖቤሉን ባገኘ ጊዜ። አንደኛውን ጥያቄ ቢያየው አልቻለውም፣ ሁለተኛውንም አልቻለውም። ችግሩ ጭንቅላት አይደለም፣ ለፈተና እንዴት እንደሚጠና አያውቅም ነበር፣ እሱን ተማረና ውጤቱ ተስተካከለ። በ1982 ተመረቀ፣ በ1988 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፒኤችዲውን ያዘ። በአንድ ሚድ ተስፋ ቆርጠህ ዲፓርትመንት ልትቀይር የምታስብ ፍሬሽማን ካለህ እባክህ ይሄን ደግመህ አንብበው።

"ኳንተም ዶትን ያገኘው እሱ ነው"

ሽልማቱን የወሰዱት 3 ሰዎች ናቸው። አሌክሲ ኤኪሞቭ ሶቪየት ህብረት ውስጥ በ1981 ባለቀለም መስታወት ውስጥ አየው፣ ሉዊስ ብረስ ደግሞ አሜሪካ ቤል ላብስ የሚባል የምርምር ተቋም ውስጥ በ1983 ፈሳሽ ውስጥ፣ ያኔ አንዱ የሌላውን ስራ አያውቅም። ባዌንዲ ብረስ ጋ ፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ የሚሰራ ምርምር) ሰርቶ በ1990 ኤምአይቲ ገባ። የሱ ድርሻ ጥራቱ ነው፣ ከሱ በፊት የሚሰራው ነገር አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ እየሆነ እንከኑም እየበዛ አስቸግሮ ነበር።

"ቀለሙ ከማቅለሚያ ነው የሚመጣው"

አይደለም፣ ውህዱ አንድ ነው፣ ለምሳሌ ካድሚየም ሴሌናይድ። ቅንጣቱ 2 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) አካባቢ ሲሆን ወደ ሰማያዊ፣ 6 አካባቢ ሲደርስ ቀይ ያበራል። ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ኤሌክትሮኑ መፈናፈኛ ስለሚያጣ ጉልበቱ ይጨምራል፣ ስለዚህ መጠኑን መቆጣጠር ማለት ቀለሙን መቆጣጠር ማለት ነው። ለኔ የዚህ ሁሉ ስራ ውበት እዚህ ጋ ነው።

"አንድ ቀን በአጋጣሚ ብቻውን ተሳካለት"

ይሄ በጣም የተሳሳተ ነው። ጥራት ያለው ኳንተም ዶት እንዴት እንደሚሰራ ያሳየውና በ1993 የወጣው ጽሁፍ ላይ ቀድሞ የሚገኘው ስም የተማሪው የክሪስቶፈር መሪ ነው፣ ሌላው ተማሪው ዴቪድ ኖሪስም አብሮ አለ። አሰራሩ እንዲህ ነው፦ ቲኦፒኦ የሚባል ሰም የመሰለ ነገር አየር በማይገባበት ፍላስክ ውስጥ እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፣ ከዛ ካድሚየሙንና ሴሌኒየሙን የያዘው ፈሳሽ በስሪንጅ ባንዴ ይወጋበታል። የክሪስታሎቹ ዘር በቅጽበት ይፈጠራል፣ ሙቀቱ ወዲያው ወደ 180 ስለሚወርድ ሌላ አዲስ ዘር መፈጠር ያቆማል፣ ቢጫ ብርቱካንማ ፈሳሽ ታያለህ። ከዛ ቀስ ተብሎ ወደ 230 እና 260 መሃል ይሞቃል፣ ሁሉም ባንድ ላይ ስለጀመሩ ባንድ ላይ ያድጋሉ፣ የፈለግከው መጠን ላይ ሲደርስ ትቀዳለህ። አንብበህ ስትጨርሰው ቀላል ይመስላል ግን ናሙና እየሰሩ እየለኩ እያጣሩ የሚደረስበት ነገር ነው፣ የናኖ ፕሮፌሰር ስራም በአብዛኛው ይሄው ነው፣ ገንዘብ ማፈላለግ፣ ተማሪ ማሰልጠን፣ ዳታው ላይ አብሮ መጨቃጨቅ።

"ለካንሰር ወይ ለቲቪ ብሎ ነው የጀመረው"

የጀመረው ፊዚክሱን በደንብ ለማጥናት ንጹህ ናሙና ስለፈለገ ነው። ሶኒ ኳንተም ዶት ያለው ቲቪ ገበያ ላይ ያወጣው በ2013 ነው፣ ከጽሁፉ 20 ዓመት በኋላ፣ ኖቤሉ ደግሞ 30 ዓመት ቆይቶ መጣ። "ምን ይጠቅማል?" ተብሎ ገና በመጀመሪያው ዓመት ቢቆም ኖሮ ይሄ ሁሉ የለም።

"ኪውኤልኢዲ ቲቪ ላይ ዶቶቹ ራሳቸው ናቸው የሚበሩት"

ኪውኤልኢዲ የሚባለው ኳንተም ዶት ያለበት ቲቪ ነው፣ ግን አብዛኛው ላይ ዶቶቹ ራሳቸው አይበሩም። ከኋላ ሰማያዊ ኤልኢዲ አለ፣ ዶቶቹ ከሱ ብርሃን ከፊሉን ወስደው ወደ አረንጓዴና ቀይ ይቀይሩታል። ሁሉም ካድሚየም አለበት የሚባለውም ልክ አይደለም፣ ካድሚየም መርዛማ ስለሆነ የአውሮፓ ህብረት ይገድበዋል፣ ብዙ አምራች አሁን ካድሚየም የሌለበትን ኢንዲየም ፎስፋይድ የሚባል ውህድ ነው የሚጠቀመው። እሱን ደግሞ እንደ ካድሚየም ሴሌናይዱ እኩል መጠን አድርጎ መስራት ይከብዳል፣ ስለዚህ በ1993 የነበረው የናሙና ጥራት ጥያቄ ዛሬም የላብ ስራ ነው።