ስለ ጣሊያን ሐር የሚወራውና እውነታው

በ1994 የሰባቱ የበለጸጉ አገሮች መሪዎች ኔፕልስ ላይ ለጉባኤ ሲሰበሰቡ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሐር ክራቫት በስጦታ ተበርክቶላቸው ነበር። ክራቫቱን ያዘጋጀው ማሪኔላ የተባለ፣ በ1914 የተከፈተና ሃያ ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሱቅ ነው። አገር የሚመሩ ሰዎች የአንዲት ጠባብ ሱቅ ደንበኛ ሲሆኑ በጨርቁ ዙሪያ ወሬ ቢበዛ አይገርምም። ደጋግሞ ከሚሰማው የተወሰነውን እነሆ።

«ሐርን ወደ ጣሊያን ያመጣው ማርኮ ፖሎ ነው»

ማርኮ ፖሎ ከቻይና ወደ ቬኒስ የተመለሰው በ1295 ነው። ሮማውያን ከእርሱ ከሺህ ዓመት በፊት ለሐር ይሞቱለት ነበር። ችግራቸው ጨርቁን እንጂ ትሉን አለማግኘታቸው ነው፤ ዋጋውን የሚወስነው ሌላ ሰው ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛም አለንበት። የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ እንደተረከው፣ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ531 ገደማ ወደ አክሱሙ ንጉሥ ወደ አፄ ካሌብ መልእክተኛ ላኩ። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፦ ሐሩን ከህንዶች ግዙና ለእኛ ሽጡልን፤ እናንተ ታተርፋላችሁ፣ እኛም ገንዘባችንን ለጠላቶቻችን ለፋርሶች ከመገበር እንድናለን። አፄ ካሌብ ቢስማሙም ነገሩ አልሰመረም። የህንድ መርከቦች መጀመሪያ በሚደርሱባቸው ወደቦች የፋርስ ነጋዴዎች ቀድመው እየተገኙ ጭነቱን ጠቅልለው ይገዙ ነበር። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ መነኮሳት የትሉን እንቁላል ወደ ቢዛንታይን ማስገባት ቻሉና የፋርሶች ጉልበት ላላ።

ከዚያ ወዲያ ሙያው በሲሲሊ በኩል ገባ። የሲሲሊው ንጉሥ ሮጀር ሁለተኛ ካባ ዛሬም ቪየና በሚገኘው ግምጃ ቤት አለ፤ ቀይ ሐር ነው፣ ግመል የሰበሩ አንበሶች በወርቅ ክር ተጠልፈውበታል፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ በዐረብኛ ከ1133 እስከ 1134 ባለው ጊዜ እንደተሠራ ተጽፏል። እኚሁ ንጉሥ በ1147 መርከቦቻቸውን ወደ ግሪክ ልከው የሐር ሠራተኞችን ከቴብስና ከቆሮንቶስ ማርከው ወደ ፓሌርሞ አስመጥተዋል። ቀጥሎ ሉካ የምትባለው ከተማ ገነነች። በ1314 ስትዘረፍ ሸማኔዎቿ ወደ ቬኒስ፣ ወደ ፍሎረንስና ወደ ቦሎኛ ተሰደዱ። ጣሊያን በሐር የታወቀችው በአንድ መንገደኛ ጀብዱ ሳይሆን በምርኮና በስደት ነው ማለት ይቻላል።

«የጣሊያን ሐር ከጣሊያን ትል የተገኘ ነው»

አንድ ጊዜ እውነት ነበር። በሰሜን ጣሊያን መንደሮች ገበሬው ቅጠሉን ለትሉ የሚመግበውን የመልበሪ ዛፍ በማሳው ዳር ይተክል፣ ትሉን በቤቱ ያረባ ነበር። ክሩን የሚመዙት ሴቶችና ሕፃናት ሴቶች ልጆች ነበሩ፤ ትሉ ራሱን የጠቀለለበትን ቅርፊት በጣም ከሚሞቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ በእጃቸው እያገላበጡ ጫፉን ይፈልጋሉ። ከአንዱ ቅርፊት እስከ አንድ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ያልተቆራረጠ ክር ይወጣል። ስለ ሐር ውበት የሚጻፈው እነዚህን እጆች ብዙ ጊዜ ይረሳቸዋል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፔብሪን የተባለ በሽታ ትሉን ሲፈጀው የጣሊያን ነጋዴዎች ጤነኛ እንቁላል ፍለጋ እስከ ጃፓን ሄደዋል። ሙያው ከዚያ ቢያገግምም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን አልቻለም።

ዛሬ በሰሜን ጣሊያን ኮሞ ሐይቅ ዳር ያሉት ፋብሪካዎች የሚገዙት ጥሬ ሐር በአብዛኛው የቻይና ነው፤ ከብራዚልም ይመጣል። ይህን ሲሰሙ «ተታለልን» የሚሉ አሉ። አልተታለሉም፣ የገዙትን ነገር አላወቁትም እንጂ። የኮሞ ሙያ ማቅለም፣ ማተምና ጨርቁን ለእጅ የሚጣፍጥ ማድረግ ነው። ለዚህም ከ1868 ጀምሮ የሐር ሙያ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አላት።

ሥራው ምን እንደሚመስል በአንድ ጨርቅ እንየው። በ1966 የሞናኮዋ ልዕልት ግሬስ ኬሊ ሚላኖ ወደሚገኘው የጉቺ ሱቅ ጎራ ሲሉ፣ ከቤተሰቡ አንዱ የነበረው ሮዶልፎ ጉቺ ሥዕል ሠሪውን ቪቶርዮ አኮርኔሮን በአበባ የተሞላ የአንገት ልብስ ንድፍ አሠራላቸው። «ፍሎራ» የሚባለው ይህ ነው፤ ከ30 በላይ ቀለም አለው። በወንፊት መሰል ክፈፍ ሲታተም እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ክፈፍ ይፈልጋል። ክፈፉ በተራ በተራ ጨርቁ ላይ ይቀመጣል፣ ቀለሙ ይጨመቅበታል፣ ይነሳል፣ ቀጣዩ ይተካል። ሃያኛው ክፈፍ አንዲት ፀጉር ያህል ከቦታው ቢንሸራተት ከዚያ በፊት የተሠራው አሥራ ዘጠኙ ከንቱ ነው። ከዚያ ቀለሙ በእንፋሎት ይጸናል፣ የተረፈው ታጥቦ ይወጣል። አሁን አብዛኛውን በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማተሚያ ይሠራዋል፤ ቀለሙን የሚመርጠው ዓይን ግን ያው ነው።

«ሐር የሴት ልብስ ነው»

በ16 ዓ.ም. የሮም ምክር ቤት ወንዶች ሐር ለብሰው ራሳቸውን እንዳያዋርዱ ከልክሎ ነበር። የሚከለከለው የሚለበስ ነገር ነውና ነገሩ ራሱ ይመሰክራል። ካርዲናሎችና ነገሥታት ኋላ ሐር በመልበስ መልሱን ሰጥተዋል።

«ክብደት ያለውና በጣም የሚያንጸባርቀው እርሱ ነው እውነተኛው»

ይህ እምነት ብዙ ሰው አክስሯል። ጥሬ ሐር ሙጫ አለበት፤ ሙጫው ሲወጣ ከክብደቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ይቀንሳል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በኪሎ የሚሸጡ ሰዎች የጎደለውን በቆርቆሮ ማዕድን ጨው ይሞሉት ነበር። ጨርቁ ሲነኩት ይከብዳል፣ ሲራመዱበት ይንኮሻኮሻል፣ ገዢ ይወደዋል። ከዓመታት በኋላ ግን በታጠፈበት እየተሰነጠቀ ይበጣጠሳል። በየሙዚየሙ መሳቢያ ተኝተው ማንም የማያነሳቸው የዚያ ዘመን ቀሚሶች አሉ።

ማንጸባረቁም ማስረጃ አይሆንም። ሳቲን የአሸማመን ስም ነው፤ ከፖሊስተርም ይሠራል፣ እንዲያውም ከሐሩ ይልቅ ያብረቀርቃል። የሐር ብርሃን ጨርቁ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል እንጂ እንደ መስታወት አይፈጥጥም። ከጠርዙ አንድ ክር መዞ ማቃጠልም ያለያል፦ ሐር እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሆናል።

«ዝነኞች የሚለብሱት ሐር ሁሉ የጣሊያን ነው»

እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ንግሥት ኤልዛቤጥ ዳግማዊት ገጠር ሲሄዱ ራሳቸው ላይ በማሰር የታወቁበት የኤርሜስ ሻሽ ፈረንሳዊ ነው፤ ከ1937 ጀምሮ ከሊዮን ከተማ ጋር የተያያዘ ሥራ ነው። በመግቢያው ያነሳነው የማሪኔላ ክራቫትም ቢሆን ጨርቁ የሚታተመው እንግሊዝ አገር ነው። ኔፕልስ የምትጨምረው መቁረጡን፣ ማጠፉንና መስፋቱን ነው። ያ ደግሞ ቀላል አይደለም።

የቬኒሱ ልብስ ነዳፊ የፎርቱኒ ጉዳይ የባሰ ነው። ኤሌኦኖራ ዱዜን የመሰለች ተዋናይና ኢሳዶራ ደንካንን የመሰለች ዳንሰኛ የወደዱት፣ እንደ ውሃ የሚወርደው ሽንሽን የሐር ቀሚስ የጣሊያን ኩራት ተደርጎ ይነገራል። ማሪያኖ ፎርቱኒ ግን ስፔናዊ ነው፣ ሐሩም ከጃፓን ይመጣ ነበር። ንድፉ በ1909 በስሙ የተመዘገበለት ቢሆንም፣ ሐሳቡ የባለቤቱ የሄንሪየት ኔግሪን መሆኑን ራሱ በእጁ ጽፎ ትቷል። እርሷ ደግሞ ፈረንሳዊት ነች።

«ዋጋው ለስም የሚከፈል ነው»

ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ትልቅ ስም የታተመበት ፖሊስተር ከስም አልባ ሐር በልጦ ሲሸጥ አይተናል። ግን ሁሉንም በአንድ ሚዛን መለካት አይገባም። ቬኒስ ውስጥ ቤቪላኳ የተባለ የሽመና ቤት በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን በተሠሩ የእንጨት መሸመኛዎች እስከ ዛሬ የሐር ከፋይ ይሠራል። አንዲት ሸማኔ ቀኑን ሙሉ ሠርታ የምታወጣው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የአንድ መስኮት መጋረጃ ወራት ይፈጃል።

የአንገት ልብስ ለሚገዛ ሰው የሚሻለው ስሙን ትቶ ጠርዙን ማየት ነው። በእጅ የተጠቀለለ ጠርዝ ድቡልቡል ብሎ በጣት ይሰማል፣ ስፌቱም እኩል አይሆንም። የማሽኑ ጠፍጣፋና ቀጥ ያለ ነው። በእጅ የተሠራውን ገዝተው ጠርዙ ላይ ካውያ የሚያሳርፉ ግን የከፈሉበትን ደፍጥጠው ያጠፉታል።