አርኪዮሎጂ በካሜራ ፊት

አርኪዮሎጂ በፊልምና በቴሌቪዥን እንዴት እንደሚቀርብ የሚመረምረው ጥናት ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ። በፊልሙ ውስጥ የሚናገረው ማን ነው? ዝም የሚለውስ? ካሜራው የትኛውን የሥራ ክፍል ያሳያል፣ የትኛውን ቆርጦ ይጥላል? ተመልካቹስ ምን አምኖ ይነሣል? አጥኚዎቹ ዘጋቢ ፊልሞችን በትዕይንት በትዕይንት ይተነትናሉ፣ አዘጋጆችን ያነጋግራሉ፣ ተመልካቾችንም ይጠይቃሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካሜራና ቁፋሮ የተገናኙት ቀደም ብሎ ነው። የቱታንክሃሙን መቃብር በ1922 ከተገኘ በኋላ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ባልደረባ ሃሪ በርተን ሥራውን በፎቶም በተንቀሳቃሽ ምስልም ቀርጾታል። ሆሊውድ በ1932 ከሞት ስለተነሣ ሙሚ ፊልም ሲሠራ ደግሞ፣ የፊልሙ ጽሑፍ ደራሲ ጆን ባልደርስተን ቀደም ሲል ስለዚያው መቃብር የዘገበ ጋዜጠኛ ነበር። ዜናው ወደ አስፈሪ ተረት ለመለወጥ አሥር ዓመት ብቻ ፈጀበት።

በቴሌቪዥን በኩል ግን የጥናቱ ዋና ምሳሌ ብሪታንያ ናት። ቢቢሲ በ1952 በጀመረው የጥያቄና መልስ ዝግጅት ምሁራን ከሙዚየም የመጣ ዕቃ እየተሰጣቸው ምንነቱን ይገምቱ ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ ባለ ሪዙ ሞርቲመር ዊለር፣ በ1954 የዓመቱ የቴሌቪዥን ሰው ተብሎ ተመረጠ። በቀጣዩ ዓመት ማዕረጉ ለዝግጅቱ መሪ ለግሊን ዳንኤል ደረሰ። ሁለቱም አርኪዮሎጂስቶች ነበሩ።

ይበልጥ የሚያስተምረው የሲልበሪ ሂል ታሪክ ነው። በደቡብ እንግሊዝ የሚገኘው ይህ ሰው ሠራሽ ኮረብታ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፣ ከተሠራ ከ4,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1968 ፕሮፌሰር ሪቻርድ አትኪንሰን በቢቢሲ ገንዘብ ወደ እምብርቱ ዋሻ ማስቆፈር ጀመሩ። ሥራው በቴሌቪዥን ይተላለፍ ስለነበር ሕዝቡ የንጉሥ መቃብር ጠበቀ። የተገኘው ግን አፈር፣ ሣርና ነፍሳት ነው። ለሳይንሱ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ክንፍ ያወጡ ጉንዳኖች በመገኘታቸው ግንባታው በበጋቸው ማብቂያ ሳይጀመር እንዳልቀረ አትኪንሰን ገምተዋል። ወርቅ ለጠበቀ ተመልካች ግን ጉንዳን ምን ያደርግለታል? ዋሻው በደንብ አልተደፈነም ነበርና ዕዳው ለልጅ ልጅ ተረፈ። በ2000 በ1776 የተቆፈረ የቀድሞ ጉድጓድ ከኮረብታው ጫፍ ሲደረመስ የውስጡ ሁኔታ አሳሳቢነቱ ታወቀ፤ በ2007ም የአትኪንሰን ዋሻ እንደገና ተከፍቶ ከተጠና በኋላ በኖራ ድንጋይ ተሞላ። ካሜራው ቁፋሮን መዘገብ ብቻ ሳይሆን የት እንደሚቆፈርም ሊወስን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በብሪታንያው ቻናል 4 ከ1994 ጀምሮ ለሃያ ዓመት የዘለቀው ታይም ቲም የተባለ የቁፋሮ ዝግጅት ሌላ መንገድ መረጠ፦ በየዝግጅቱ ሦስት ቀን ብቻ ይቆፈራል። ጥድፊያው ብዙ ባለሙያ አስቆጥቷል፤ ከቁፋሮው በኋላ ያለው የወራት ሥራ፣ ማጠብ፣ መመዝገብ፣ ሪፖርት መጻፍ፣ በስክሪን ላይ እምብዛም አይታይምና። ቢሆንም ባዶ ጉድጓድም መልስ መሆኑን ያሳየ፣ መሬትን ሳይቆፍሩ በመሣሪያ መፈተሽን ለተራ ተመልካች ያስተዋወቀ ዝግጅት ነበር። ለእኔ ሚዛኑ ወደ በጎው ያደላል። ኔትፍሊክስ በ2022 ስለ ጠፋ የጥንት ሥልጣኔ ያቀረበውን ተከታታይ በተመለከተ እንዲህ ማለት አይቻልም። የአሜሪካ አርኪዮሎጂ ማኅበር ዝግጅቱ ከዘጋቢ ፊልም ምድብ ወጥቶ ከሳይንሳዊ ልብ ወለድ እንዲመደብ በግልጽ ደብዳቤ ጠይቋል።

ዝም የሚሉትም ሌላ የጥናት ርዕስ ናቸው። በግብፅ የቁፍት ከተማ ሰዎች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሠለጠኑ ቆፋሪዎች ናቸው፤ በብዙ ፊልሞች ግን አካፋ ይዘው ከኋላ ይታያሉ እንጂ ስማቸው አይጠራም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ1981 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ፊልም ታቦተ ጽዮንን ግብፅ ውስጥ ጣኒስ ላይ ያስቆፍራል። ታቦቱ አክሱም ጽዮን እንዳለ ለሚያምን ኢትዮጵያዊ ይህ ፈገግ የሚያሰኝ ነው። ለዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች ግን አክሱም ራሷ ፈተና ናት፤ ከጠባቂው መነኩሴ በቀር ማንም ስለማይገባ ካሜራው አጥር ላይ ይቆማል፣ ቀሪውን ሙዚቃና ግምት ይሞላዋል። ኔቪል ቺቲክ ከ1972 እስከ 1974፣ ዴቪድ ፊሊፕሰን ደግሞ ከ1993 እስከ 1997 እዚያው ከተማ ያካሄዷቸው ቁፋሮዎች ስለ አክሱማውያን መቃብርና ኑሮ ብዙ አስረድተዋል፤ እነሱን ዋና ጉዳዩ ያደረገ የቴሌቪዥን ዝግጅት ግን እስካሁን አላየሁም።