ኢንስታሌሽን ምንድን ነው?

አክስቴን ይዤ አራት ኪሎ አካባቢ ወደ አንድ አዳራሽ ገባሁ። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ከጣሪያው ዘጠኝ ነጠላ ተንጠልጥሏል፤ በየነጠላው ላይ የአንዲት እናት ፊት በብርሃን አርፎ ዓይኑን ቀስ ብሎ ይገልጣል፣ ይከድናል። ከጥግ በኩል ቡና የሚወቀጥበት የሙቀጫ ድምፅ ይሰማል። አክስቴ ግድግዳውን ዙሪያውን ቃኘችና በሹክሹክታ፣ «ሥዕሉን ገና አልሰቀሉትም እንዴ?» አለችኝ። ሠዓሊዋ ለካ ከኋላችን ነበረች። «እማማ፣ ውስጡ ገብተዋል እኮ» አለቻት።

ከዚህ የቀለለ ትርጓሜ እስካሁን አልሰማሁም። ሥዕል ፊቱ ቆመን የምናየው ነው፤ ኢንስታሌሽን የምንገባበት። ክፍሉ፣ ጨለማው፣ ድምፁ፣ በነጠላዎቹ መካከል የተተወው መተላለፊያ፣ ሁሉም የሥራው አካል ነው። በዚያ መተላለፊያ የሚሄደው ሰው ጥላም ሳይቀር።

ቃሉ ለአዲስ አበባ ጆሮ ግር ይላል። ኢንስታሌሽን ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሽቦ የሚዘረጋው ኤሌክትሪሺያን ነው። ‹ተከላ› እንበለው ብንል ደግሞ ክረምት ገብቶ ችግኝ ይዘን የወጣን ይመስላል። ስለዚህ እኔም እንደ ሠዓሊዎቹ ኢንስታሌሽን እያልኩ እቀጥላለሁ። ለነገሩ የኤሌክትሪሺያኑም ትርጉም ብዙ አይርቅም፤ መልቲሚዲያ ኢንስታሌሽን፣ ማለትም ቪዲዮ፣ ድምፅ፣ ፎቶግራፍና ዕቃ አንድ ላይ የሚገቡበትን፣ የሚሠራ ሰው ከብሩሽ ይልቅ ከኬብልና ከማከፋፈያ ጋር ሲታገል ነው የሚውለው።

ነገሩ ከውጭ የመጣ ፋሽን የሚመስለው ሰው አንድ ክብ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ይዙር። የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈኑት ሥዕሎች አንድ ቦታ ቆመው አይታዩም፤ እግር ካልዞረ ታሪኩ አይነበብም። ዕጣኑ፣ ከበሮው፣ መጋረጃው አብረው ይሠራሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ኢንስታሌሽን ነው ማለቴ አይደለም፤ ለአምልኮ እንጂ ለትርኢት አልታነጸም። ግን ዓይንና ጆሮ፣ አፍንጫና እግር አብረው የሚያነቡት ክፍል ለእኛ እንግዳ አይደለም። እስጢፋኖስ አካባቢ ያለው፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው አፍሪካ አዳራሽም ሌላ ዘመድ አለው። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል እዚያ 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ የአፍሪካን ያለፈውን፣ የአሁኑንና የወደፊቱን በሦስት ከፍሎ ያሳያል። ፀሐይ ከኋላው ስትመታው ቀለሙ ይነሳል፣ ደመና ሲሆን ይተኛል። ፕሮጀክተሩ ፀሐይ ናት ማለት ነው፤ የመብራት ቆጣሪም የላትም።

ስክሪንን ወደ ጥበብ ክፍል በማስገባት ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ኮሪያ የተወለደው ናም ጁን ፓይክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ጀርመን ውስጥ፣ ቩፐርታል ከተማ፣ ምስላቸውን ያዛባቸውን ቴሌቪዥኖች አንድ ጋለሪ ውስጥ ደርድሮ አሳየ። በ1995 ደግሞ 336 ቴሌቪዥን በኒዮን መብራት ከተሠራ የአሜሪካ ካርታ ጋር አጋጠመ። የዚያ ዘመን ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ዛሬ ስለማይመረት ሙዚየሞች እሱን ጠግኖ ማቆየት ራስ ምታት ሆኖባቸዋል። የእኛው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ከሌላኛው ጫፍ ነው የጀመረው፤ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሞተ በኋላ ያለውን ሽቦና ሰሌዳ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ እየለቀመ ይሠራበታል።

ወደ ነጠላዎቹ ልመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው።

ዲጂታል ምስለ ገጽ፣ ማለትም የሰው ፊት ምስል፣ በታብሌት ተሳለም በካሜራ ተነሳ፣ መጨረሻው የብርሃን ነጥቦች ሰንጠረዥ ነው። በተለመደው የ1920 በ1080 መጠን 2,073,600 ነጥብ አለው። ስልክ ላይ ስናየው ቆዳው ይለሰልሳል። ያንኑ ምስል በአራት ሜትር ግድግዳ ላይ ብንዘረጋው ግን እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ ቀርቦ ያየ ሰው ፊት ማየቱ ይቀርና የተበተነ ሰሊጥ ያያል። ወደ ኋላ ሲሸሽ ሰሊጡ ተመልሶ ጉንጭና ሽበት ይሆናል። ጎበዝ ሠዓሊ ይህን ርቀት አስቀድሞ ያሰላዋል፤ ተመልካቹ የት ላይ ሲደርስ ሰውየውን እንደሚያውቀው፣ የት ላይ እንደሚጠፋበት። ፕሮጀክተሩም የራሱ ሕግ አለው። ርቀቱን እጥፍ ስታደርገው ምስሉ በወርድም በቁመትም እጥፍ ስለሚሆን ስፋቱ በጠቅላላ አራት እጥፍ ያድጋል፣ ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ክፍሉ የሚጨልመው ለምሥጢር ብቻ አይደለም።

አሠራሩ እኔን ሁሌም መልክእ የሚባለውን የግእዝ ውዳሴ ያስታውሰኛል። መልክአ ማርያምን ወይም መልክአ ኢየሱስን የደገመ ሰው ያውቃል፤ ባለቅኔው «ሰላም ለ…» እያለ ከራስ ጀምሮ ወደ እግር የሚወርደው የአካልን ክፍል አንድ በአንድ እያነሳ ነው። ዲጂታል ሠዓሊም ዓይኑን በአንድ ሌየር (እንደ ስስ ወረቀት በሚደራረብ የምስል ንብርብር)፣ ፀጉሩን በሌላ፣ ጥላውን በሦስተኛ ትሠራለች፤ አንዱን ሳትነካ ሌላውን ታንቀሳቅሳለች። ዓይኑ ብቻ የሚከደነው ለዚህ ነው።

በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ደግሞ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን። የሚያየንንና የማያየንን የሚወስነው ሠዓሊው ነበር። ነጠላ ግን ስስ ነው፤ ብርሃኑ አልፎ በጀርባውም ይታያል፣ ተገልብጦ። አክስቴ ዞራ ከኋላ አየችና፣ «ይቺ ደግሞ ሌላ ናት» አለች። ያቺው ሴት ናት፤ ግራዋ ቀኝ ሆኖ እንጂ። የሰው ፊት ሁለት ጎኑ እኩል ስላልሆነ ሲገለበጥ ይለወጣል። ሠዓሊዋ እንደነገረችን፣ የተሳሉት እናቶች መጥተው ሲያዩ ከፊት በኩል ያለውን «እኔን አይመስልም» ብለው፣ ከጀርባ ያለውን ነው «ይኸው እኔ» ያሉት። በመስተዋት የምናውቀው ፊታችን የተገለበጠው ነዋ! ጎረቤት የሚያውቀን ከፊት፣ እኛ ራሳችንን የምናውቀው ከጀርባ። ይህን ግድግዳ ላይ የተቸነከረ ሸራ ሊነግረን አይችልም።

እዚህ ላይ ቅር የሚለኝን ልናገር። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ፎቶ እያገላበጡበት ኢንስታሌሽን ማለት በርክቷል። መለኪያዬ ቀላል ነው፤ ያንኑ ቴሌቪዥን ነቅለህ ካፌ ውስጥ ብትሰቅለው የሚጎድል ነገር አለ? ከሌለ ፍሬሙ ኤሌክትሪክ የሚበላ ሥዕል ነው። ነጠላዎቹን ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮት የበዛበት ክፍል ውስጥ ብትሰቅላቸው ግን ስጥ ይመስላሉ።

«ታዲያ ይህን ማን ይገዛል?» አለች አክስቴ፤ የንግድ ሰው ናት። የሚገዛው ብዙ ጊዜ ወረቀት ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሶል ለዊት እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የግድግዳ ሥዕሎቹን እንዴት እንደሚሠሩ ጽፎ፣ ከማረጋገጫ ወረቀት ጋር ይሸጥ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ሌሎች ናቸው። ኢንስታሌሽንም እንደዚያው ነው። ገዢው ፋይሉን፣ ጨርቁ በስንት ሜትር እንደሚራራቅ የሚያሳይ ንድፉንና ከስንት ቅጂ ስንተኛው እንደሆነ የሚገልጸውን ፊርማ ይወስዳል። አክስቴ አልተዋጠላትም፤ «የጋቢ ዋጋ ከፍሎ የሸማኔውን መመሪያ ይዞ መሄድ ነው» አለች።

ልንወጣ ስንል መብራት ጠፋ። ፊቶቹ በአንዴ ከሰሙ፣ ሙቀጫውም ዝም አለ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሰው ሁሉ በስልኩ መብራት ነጠላዎቹን እየገለጠ ወደ በሩ ያልፋል፤ አክስቴ አንዱን ጥለት በጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ «በእጅ የተሠራ ነው» አለች። ነጠላዎቹ የእነዚያው ፊታቸው የተሳለው እናቶች ነበሩ። ትርኢቱ ሲያበቃ ዘጠኙ ፊት ወደ አንድ ፍላሽ ገባ፤ ነጠላዎቹ ታጥበው ለባለቤቶቻቸው ተመለሱ።