ዋን ታይመር ምንድን ነው? ኤንኤችኤል 94ን ከ30 ዓመት በኋላም የሚያጫውተው ምት

ዋን ታይመር በበረዶ ሆኪ ከቡድን ጓደኛ የተቀበሉትን ፓክ ሳያቆሙና ሳያስተካክሉ፣ እንደመጣ በአንድ ምት ወደ ጎል መምታት ነው። ፓክ በዚህ ስፖርት የኳስን ቦታ የያዘው ከጠንካራ ጎማ የተሠራው ጠፍጣፋ ክብ ነገር ሲሆን ክብደቱ እስከ 170 ግራም ይደርሳል። በገና ጨዋታ እየተንከባለለች የመጣችውን ጥንግ ሳያቆም በቀጥታ የሚለጋ ሰው ያየ አንባቢ የነገሩን ግማሽ ያውቀዋል። የቀረው ግማሽ በረኛውን የሚመለከት ነው።

የሆኪ ጎል 1.83 ሜትር ስፋትና 1.22 ሜትር ከፍታ ብቻ ያለው ጠባብ ጎል ነው። በወፍራም መከላከያ የተሸፈነው በረኛ ፓኩ ወዳለበት አቅጣጫ ዞሮ ትንሽ ወደፊት ከወጣ፣ ለመቺው የሚታየው ክፍት ቦታ ከማዕዘኖቹ ጠባብ ክፍተቶች አያልፍም። ፓኩ ከሜዳው አንድ ወገን ወደ ሌላው ሲሻገር ግን በረኛው ከአንዱ ቋሚ ወደ ሌላው ተንሸራትቶ እንደገና ቆሞ መዘጋጀት አለበት። ተቀባዩ ፓኩን አቁሞ፣ አስተካክሎ፣ ከዚያ ከመታ ለበረኛው የሚያስፈልገውን ጊዜ ራሱ ሰጠው ማለት ነው። ዋን ታይመር ይህን ጊዜ ይነሳዋል፤ በረኛው ገና እየተንሸራተተ ሳለ ፓኩ ይደርሳል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚህ ምት ስማቸው ከገነነው አንዱ የሴንት ሉዊስ ብሉዝ አጥቂ ብሬት ሃል ሲሆን፣ በ1990–91 የውድድር ዘመን ካስቆጠራቸው 86 ጎሎች ብዙዎቹ አዳም ኦትስ አቀብሎት የተቆጠሩ ነበሩ።

ቃሉ ከበረዶው ሜዳ ወደ ጆይስቲክ የተሻገረው እ.ኤ.አ. በ1993 ኤሌክትሮኒክ አርትስ ባሳተመው ኤንኤችኤል 94 በተሰኘው የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ኩባንያው ከዚያ በፊት በ1991 እና በ1992 ሁለት የሆኪ ጨዋታዎችን አውጥቷል። የመጀመሪያው የሊጉን፣ ማለትም ኤንኤችኤል የተባለውን የሰሜን አሜሪካ የሆኪ ሊግ፣ ፈቃድ ይዞ የተጫዋቾቹን ስም ያልያዘ፣ ሁለተኛው ደግሞ የተጫዋቾቹን ማኅበር ፈቃድ ይዞ የሊጉን ዓርማ ያጣ ነበር። በ94 ላይ ሁለቱ ተገናኙ። በዚያው ዓመት ሊጉን የተቀላቀሉትን አናሃይምንና ፍሎሪዳን ጨምሮ 26ቱም ቡድኖች ከነተጫዋቾቻቸው ገቡ። በ1992ቱ ጨዋታ ብዙዎች የወደዱት የቡጢ ድብድብ በሊጉ ፍላጎት ወጣ፤ በምትኩ በረኛን በእጅ መቆጣጠር፣ የፍጹም ቅጣት ምት፣ በየስታዲየሙ የሚሰማ የኦርጋን ዜማ እና ዋን ታይመር ገቡ። ድብድቡ በመቅረቱ ያኔ ያዘኑ ልጆች ጥቂት አልነበሩም። ጨዋታውን ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያቆየው ግን ከተጨመሩት አንዱ የሆነው ይህ ምት ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

በሴጋ ጀነሲስ፣ ከሰሜን አሜሪካ ውጭ ሜጋ ድራይቭ በሚባለው መሣሪያ ላይ፣ አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ቢ የተባለው ቁልፍ ያቀብላል፣ ሲ ይመታል። ቢን ተጭኖ ፓኩ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ሲን የተጫነ ሰው ዋን ታይመር ሠራ ይባላል። ችግሩ ያለው በቀኝ አውራ ጣት ላይ ሳይሆን በግራው ነው። በጆይስቲኩ ግራ በኩል ያለው የአቅጣጫ መስቀል በአንድ ጊዜ ሦስት ሥራ አለበት፤ ተጫዋቹን ያንሸራትታል፣ ፓኩ ለማን እንደሚላክ ያመለክታል፣ ምቱ ወደ የትኛው ማዕዘን እንደሚሄድም ይወስናል።

አንድ ጥቃት በዝግታ እንመልከት። የግራ ክንፍ አጥቂው የማጥቂያው ክልል የሚጀምርበትን ሰማያዊ መስመር አልፎ ወደ ጎሉ እያመራ ነው፤ ሜዳው በስክሪኑ ላይ ከታች ወደ ላይ ስለተዘረጋ ጎሉ ከላይ ይታያል። አንድ ተከላካይ ሊገጨው ይቀርባል፤ በረኛውም ወደ ግራ ቋሚ ተጠግቷል። በዚህ ቅጽበት የመሐል አጥቂው በቀኝ በኩል ከበረኛው ፊት ወዳለው ክፍት ቦታ እየደረሰ ነው። የተጫዋቹ ግራ አውራ ጣት ወደ ቀኝ ይጫናል፣ የቀኙ ቢን ይነካል፣ ፓኩ ይነሣል። ፓኩ በረዶውን ሲያቋርጥ የሚያልፈው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ በዚያ ውስጥ የቀኙ አውራ ጣት ከቢ ወደ ሲ ይዛወራል፣ ግራው ደግሞ ከቀኝ ወደ ላይ ወይም ወደ ሰያፍ ይዞራል። ግራው ሳይዞር ከቀረ ምቱ ፓኩ በተላከበት አቅጣጫ ይሄድና ከጎሉ ውጭ ያልፋል። ጀማሪዎች ዋን ታይመር አይሠራልኝም ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርሩት ሲን በማዘግየታቸው ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው ጥፋት ይህ የግራ ጣት መዘግየት ነው፤ ምክንያቱም ሲን በሰዓቱ ተጭኖ ምቱን ወደ ግድግዳ መላክ ፈጽሞ ካለመምታት የሚለየው በድምፁ ብቻ ነው።

በጨዋታው ውስጥ ያለው በረኛ በኮምፒውተር ሲመራ የሚከተለው የፓኩን አቀማመጥ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ጎል በተደጋጋሚ ይቆጠርበታል። አንደኛው በጎሉ ፊት ከአንድ ወገን ወደ ሌላው ፓኩን ይዞ በፍጥነት መሻገርና በረኛው መንሸራተቱን ሳያቆም በሩቁ ማዕዘን ማስገባት ነው። ሁለተኛው ዋን ታይመር ነው። መሠረታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም በረኛውን በጎን እንዲንቀሳቀስ አስገድደው ሳይረጋጋ ይመቱታል። የመጀመሪያው በአንድ ተጫዋች ፍጥነት ሲሠራ ሁለተኛው የሚሠራው በፓኩ ፍጥነት ነው፤ የትኛውም የሆኪ ተጫዋች ደግሞ ከፓክ አይፈጥንም።

የላቀ ደረጃ ላይ የደረሱ ተጫዋቾች የሚለዩት ምቱን በመሥራት ሳይሆን በመደበቅ ነው። ዋን ታይመርን ብቻ የሚጠብቅ ተጋጣሚ የማቀበያውን መስመር ይዘጋል፤ መስመሩ ሲዘጋ ደግሞ ፓኩን የያዘው ሰው ፊት ይከፈታል። ስለሆነም ጎበዝ ተጫዋች ሊያቀብል እንደሆነ አስመስሎ ራሱ ይገባል። አልያም አቀብሎ ሲን ሳይጫን ይቀራል፤ በረኛው የምቱን ስፍራ ሊሸፍን ሲወረወር ተቀባዩ ፓኩን ተቆጣጥሮ ወደ መጣበት ወገን ይመለሳል። ይህ ማታለያ ዋጋ የሚኖረው አስቀድሞ ሁለት ሦስት እውነተኛ ዋን ታይመር የቀመሰ ተጋጣሚ ላይ ብቻ መሆኑ ጨዋታውን ከቁልፍ ቅልጥፍና ወደ ሰው ማንበብ ያሸጋግረዋል።

መቺው በየትኛው እጅ እንደሚመታም ይታሰብበታል። እያንዳንዱ ተጫዋች እንደ እውነተኛው ሰው ግራኝ ወይም ቀኝ ተደርጎ ተመዝግቧልና፣ ዱላው ወደ መሐል ሜዳው የዞረለት ሰው ፓኩን ለመምታት ይመቸዋል። አሠላለፍን ሲያስተካክሉ ክንፎቹን ሆን ብለው የሚያቀያይሩ ሰዎች ያሉት ለዚህ ነው።

መከላከሉስ? መስመርን መቁረጥ የመጀመሪያው ነው። በረኛውን በእጅ መቆጣጠር ሁለተኛውና ከባዱ ነው፤ ከተከላካይ ወደ በረኛ ለመዛወር ያለው ጊዜ አጥቂው ከቢ ወደ ሲ ለመዛወር ካለው ጊዜ አይበልጥም፤ ተሳስቶ የተወረወረ በረኛ ደግሞ ባዶ ጎል ትቶ ይሄዳል። ሦስተኛው ፓኩ ከመድረሱ በፊት ተቀባዩን ገጭቶ መጣል ነው፤ በሆኪ መግጨት የተፈቀደ ቢሆንም በደንቡ የሚገጨው ፓኩን የያዘው ሰው ነው። በሴጋው ቅጂ ላይ ግን ግጭቱ ራሱ አንድ ታዋቂ ጉድ አለበት።

ፕሮግራሙ የተጫዋቾችን ክብደት ከ140 ፓውንድ ጀምሮ በ8 ፓውንድ እርከን ይመዘግባል። ሐሳቡ ከባዱ ሰው ቀላሉን በግጭት እንዲያሸንፍ ነበር። ይሁን እንጂ በስሌቱ ላይ በተፈጠረ መገልበጥ ውጤቱ ተቃራኒ ሆነና ቀላል ክብደት ያላቸው ተጫዋቾች ግዙፎቹን እንደ ቅጠል የሚያረግፉበት ጨዋታ ወጣ። የጨዋታው አፍቃሪዎች ይህን የክብደት ስህተት ብለው ይጠሩታል። ትልቁ ተጠቃሚ ቁመቱ 1 ሜትር ከ68 ሴንቲ ሜትር ገደማ የነበረው የካልጋሪው ቲኦ ፍሉሪ ነው። በእውነተኛው ሊግ በእልኸኝነቱ የሚታወቀው ይህ አጭር አጥቂ በጨዋታው ውስጥ ሰው የማይጠጋው ኃይለኛ ሆነ። ስለዚህ ቡድን የሚመርጥ ሰው ተከላካዮቹን ሲገመግም የሚፈልገው ግዙፎቹን ሳይሆን ቀጫጮቹን ነው። ነገሩን ላልሰማ እንግዳ ይህ ምርጫ እብደት ይመስለዋል። ስህተቱን ፈልፍለው ያገኙት ሰዎች ማስተካከያውንም አዘጋጅተዋል፤ ቢሆንም የመጀመሪያውን ካሴት እንዳለ ማጫወት የሚመርጡ ብዙ ናቸው። ብዙ የጨዋታ ስልት በስህተቱ ላይ ተገንብቶ ስላደረ እሱን ማረም ጨዋታውን መለወጥ ይሆናል። እኔም በዚህ ከእነርሱ ጋር ነኝ።

የሴጋውን ቅጂ በዋናነት የጻፈው ፕሮግራመር ማርክ ሌሰር ሲሆን፣ ይህ ሰው በ1970ዎቹ ለማቴል በእጅ የሚያዙ ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ መጫወቻዎችን በጥቂት መቶ ባይት ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ሲያዘጋጅ የነበረ ነው። በካሴቱ ላይም የተጫዋቾቹ ችሎታ በተመሳሳይ ቁጠባ ነው የተቀመጠው፤ ፍጥነት፣ የምት ኃይል፣ የማቀበል ትክክለኛነትና የመሳሰሉት እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 6 ባለ አንድ አኃዝ ተይዘዋል። ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት ጨዋታው እነዚህን ቁጥሮች በዕድል ከፍና ዝቅ ስለሚያደርጋቸው፣ ዛሬ የነደደ አጥቂ ነገ ቀዝቅዞ ሊገኝ ይችላል። በ1992–93 ወቅት 76 ጎል ያስቆጠረውን የቡፋሎውን አሌክሳንደር ሞጊልኒን የያዘ ሰው እንኳ ከመጀመሩ በፊት የዕለቱን ሁኔታ አይቶ አሠላለፉን ማስተካከል ይጠበቅበታል።

የቁጥሮቹ አቀማመጥ ቀላል መሆኑ ለአፍቃሪዎቹ በር ከፍቶላቸዋል። የካሴቱን ይዘት በኮምፒውተር ከፍተው ስሞችን፣ ዓርማዎችንና ችሎታዎችን የሚቀይሩባቸውን መሣሪያዎች ሠርተው፣ በየዓመቱ የሊጉን ወቅታዊ ተጫዋቾች የያዙ ቅጂዎች ያዘጋጃሉ። መጀመሪያ ለ26 ቡድኖች የተሠራውን ጨዋታ አስፍተው ዛሬ በሊጉ ያሉትን 32 ቡድኖች አስገብተውበታል። የሊግ ውድድሮቻቸውም ሁለት መልክ አላቸው። በአንዱ ተወዳዳሪው ከ1993ቱ ቡድኖች አንዱን እንዳለ ይይዛል። በሌላው ሁሉም ተጫዋቾች ተቀላቅለው በተራ ይመረጣሉ፤ በዚህኛው ውድድር ዋን ታይመር የሚሠራ ጥንድ ማሰባሰብና ፍሉሪን የመሰለ ቀላል ገጪ ማግኘት ራሱን የቻለ ብልሃት ነው። ሱፐር ኒንቴንዶ በተባለው ሌላ መሣሪያ የወጣውን ቅጂ የሚጫወቱት የራሳቸው ማኅበረሰብ አላቸው፤ ሁለቱ ቅጂዎች በእጅ ላይ ያላቸው ስሜት ስለሚለያይ በአንዱ የተካነ በሌላው ጀማሪ መሆኑ የተለመደ ነው።

ኤሌክትሮኒክ አርትስም የድሮውን ስም አልረሳውም። በ2013 የወጣው ኤንኤችኤል 14 የ94ን አጨዋወት የሚያስታውስ ልዩ ክፍል ነበረው። በ2020 ደግሞ ኤንኤችኤል 21ን አስቀድመው ለገዙ ሰዎች በዘመኑ ተጫዋቾች የታደሰ የ94 ቅጂ ተሰጠ።

ከተለያዩ ከተሞች የሚገናኙት የውድድሩ ሰዎች የሚጫወቱት በአብዛኛው የአሮጌውን መሣሪያ ሥራ በኮምፒውተር ላይ በሚያስመስለው ኢሙሌተር ነው፤ ለዓመታት በዋናነት የተጠቀሙትም ጄንስ የተባለውን ፕሮግራም ተጫዋቾችን በኢንተርኔት ከሚያገናኘው ከካይሌራ ጋር አጣምረው ነበር። በዚህ ላይ ዋን ታይመር የራሱ ጣጣ አለው። መሣሪያው በሰከንድ ወደ 60 ምስሎች ያሳያል፤ በኢንተርኔት መስመር ላይ የሁለቱ ሰዎች ጆይስቲኮች እኩል እንዲሄዱ ሲባል ቁልፉ በተጫኑበትና ስክሪኑ በታዘዘበት መካከል የጥቂት ምስሎች መዘግየት ይጨመራል። ለመንሸራተት ይህ አያስቸግርም፤ ግማሽ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ለሚሠራ ምት ግን ብዙ ነው። ልማዱ ያላቸው ሰዎች ሲን የሚጫኑት በሚያዩት ሳይሆን ገና በሚመጣው ነገር ላይ ተመሥርተው፣ አንዳንዴ ቢ ከጣታቸው እንደለቀቀ ወዲያው ነው። በኢንተርኔት የለመደ ሰው በአካል ወደሚካሄድ ውድድር ሲመጣ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመውና ምቱ ሁሉ ይቀድምበታል። በአካል የሚገናኙባቸው ውድድሮች ላይ ጀርባቸው የወፈረ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ተሸክመው የሚመጡት በናፍቆት ብቻ አይደለም፤ ጠፍጣፋዎቹ አዳዲስ ስክሪኖች የመሣሪያውን ምስል ለመቀየር የሚወስዱት ጊዜ እዚያው መዘግየት ላይ ስለሚደመር ነው።