የዳታ ካታሎግን በሥራ ዘርፍ ማደራጀት፦ ከጅማ የቡና ሥራ አንጻር

የዳታ ካታሎግ አንድ ድርጅት ምን ምን መረጃ እንዳለው፣ የት እንዳስቀመጠው፣ ማን እንደሚጠብቀውና ምን ማለት እንደሆነ የሚናገር መዝገብ ነው። ዳታውን ራሱን አይዝም። በሥራ ዘርፍ ማደራጀት ሲባል ሰንጠረዦችን፣ የኤክሴል ፋይሎችንና ሪፖርቶችን በተቀመጡበት ኮምፒውተር ወይም በሶፍትዌራቸው ስም ሳይሆን በሚወለዱበት ሥራ መመደብ ማለት ነው፤ ግዢው በግዢ፣ ጥራቱ በጥራት፣ ሽያጩ በሽያጭ። ባለሙያዎች እያንዳንዱን ዘርፍ «ዶሜይን» ይሉታል።

አመዳደቡ ለጅማ ሰው እንግዳ አይደለም። በሂርማታ ገበያ ቅቤ የፈለገ ቅቤ ተራ፣ እህል የፈለገ እህል ተራ ይሄዳል፤ ዕቃው ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ ወይም በምን እንደተጫነ ማወቅ አይጠበቅበትም። በብዙ መሥሪያ ቤት ግን ዳታ የሚፈለገው በተቃራኒው ነው። «ሒሳብ ክፍል ያለውን ኮምፒውተር ክፈት፣ ዲ ድራይቭ ግባ፣ አዲስ ፎልደር 2 የሚለው ውስጥ ታገኘዋለህ» ይባላል። መንገዱን የሚያውቀው ሰው ዝውውር ካገኘ ወይም ሥራ ከለቀቀ መረጃው እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠፋል።

ዳታን በማዕከል ያለ አንድ ቡድን ከሚያስተዳድረው ይልቅ ያመነጨው ዘርፍ ይያዘው የሚለው አስተሳሰብ በስፋት የታወቀው ዛማክ ደህጋኒ እ.ኤ.አ. በ2019 «ዳታ ሜሽ» በሚል ስም ካቀረበችው በኋላ ነው። እርሷ የተነሳችው ከትልልቅ ኩባንያዎች ችግር ነበር። ነገር ግን ሃያና ሠላሳ ሠራተኛ ላለው ድርጅትም ዋናው ቁም ነገር ይሠራል፤ ቃሉን የሚያውቀው ሥራውን የሚሠራው ነውና።

አንድ «ክብደት»፣ ብዙ ትርጉም

በጅማ ዞን ቡና ገዝቶ፣ አዘጋጅቶ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት እንውሰድ። «ዘንድሮ ምን ያህል ቡና አለን?» ብሎ ሥራ አስኪያጁ ቢጠይቅ የሚመለሱለት ቁጥሮች አይገጥሙም። የማጠቢያ ጣቢያው የሚመዝነው ቀይ እሸት ነው። ሰብሳቢው የሚያመጣው ጀንፈል፣ ማለትም ከነልባሱ የደረቀ ቡና ነው። መፈልፈያው ቅሽሩን፣ ማለትም ተፈልፍሎ የወጣውን ጥሬ ቡና ይመዝናል። መጋዘኑ በ60 ኪሎ ጆንያ ይቆጥራል፣ ገበያው ዋጋ የሚጠራው በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ነው፤ ከውጭ ገዢ ጋር የሚፈረመው ውል ደግሞ በቶን ሊጻፍ ይችላል። አንድ ኪሎ ቅሽር ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ እሸት ስለሚያስፈልግ፣ የግዢው አሃዝ ከሽያጩ አምስት እጥፍ ቢበልጥ ሊሆን የሚገባው ሆነ እንጂ አንድም ኪሎ አልጎደለም። ይህን የማያውቅ አዲስ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም የአዲስ አበባ ኦዲተር ግን ጉድለት አገኘሁ ብሎ ሊጽፍ ይችላል፣ የመጋዘን ሠራተኛውም ባላጠፋው ይጠየቃል።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መፍትሔ «ሁሉም ክፍል አንድ ትርጉም ይጠቀም» የሚል ነው፤ በእኔ አመለካከት ትልቁ ስህተትም እዚህ ላይ ነው። ማጠቢያው እሸት መመዘኑን ሊተው አይችልም፣ መጋዘኑም ጆንያ መቁጠሩን። በዘርፍ የተደራጀ ካታሎግ ሦስቱንም ይመዘግባል፤ «የእሸት ርክክብ ክብደት» በግዢ ዘርፍ፣ «የቅሽር ምርት ክብደት» በዝግጅት ዘርፍ፣ «የመጋዘን ቀሪ በጆንያ» በክምችት ዘርፍ። በእያንዳንዱ ሥር መለኪያው፣ የሚመዘንበት ሰዓት፣ እርጥበቱ ከመለካቱ በፊት ይሁን በኋላ፣ ወደ ሌላው ሲለወጥ የሚያዘው ስሌትም ይጻፋል። ያኔ ቁጥሮቹ መለያየታቸው የሚያስጨንቅ ነገር አይሆንም።

ዘርፉን በምን እንለየው?

ቀላል የሚመስለው የድርጅቱን መዋቅር ወስዶ እያንዳንዱን መምሪያ ዘርፍ ማድረግ ነው። ነገር ግን መዋቅር ይቀየራል። ሁለት መምሪያዎች ይዋሃዳሉ፣ አንዱ ወደ ሥራ ሂደት ዝቅ ይላል፣ ስሙ ይለወጣል፤ ካታሎጉም ከላይ እስከ ታች እንደገና ይሠራል። ቡና መግዛት፣ ማድረቅ፣ መፈልፈል፣ መቅመስና መላክ ግን ማንም ኃላፊ ቢሾም አይቀሩም። ስለዚህ ዘርፉ የሚከተለው ሥራውን ነው።

አከራካሪ የሚሆነው ጥራት ነው። ቡናው በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ሲያልፍ ደረጃ የሚሰጠው በጥሬ ፍተሻና በቅምሻ ተደምሮ ሲሆን፣ ከመቶው 40 ነጥብ ለጥሬው፣ 60 ደግሞ ለቅምሻው ይያዛል። ድርጅቱም በራሱ ቀማሽ ለገዢው ናሙና ያዘጋጃል። ሁለቱም ውጤቶች «ደረጃ» ይባላሉ። ሽያጭ «ለገዢ የምልከው እኔ ነኝ» ይላል፣ መጋዘንም «በጆንያው ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ» ይላል። እንዲህ ያለውን ክርክር የሚፈታ አንድ ጥያቄ አለ፦ ቁጥሩ ቢሳሳት የማረም ሥልጣንና ዕውቀት ያለው ማን ነው? የቅምሻ ነጥብ ሲጠረጠር ዳግመኛ የሚቀምሰው የጥራት ባለሙያው ነው፤ ባለቤቱም እርሱ ነው። ሌሎቹ ተጠቃሚዎች ናቸው።

አንድ ላይ የሚያዝ የቡና ክምችት የሚለይበት የእጣ ቁጥር ደግሞ በሁሉም ዘርፍ ውስጥ ያልፋል፤ ከርክክብ ደረሰኝ እስከ መርከብ ሰነድ ድረስ ይከተላል። አንድ ነገር በአንድ ዘርፍ ሥር ብቻ ይቀመጥ ከተባለ፣ ቦታው የተወለደበት ነው። የቀረውን የሚያሳየው ባለሙያዎች የዳታ የዘር ሐረግ የሚሉት ነው፤ ይህ ሪፖርት ከየትኛው ሰንጠረዥ ወጣ፣ ያ ሰንጠረዥስ ከየትኛው ቅጽ ተሞላ የሚለውን ወደ ኋላ ይቆጥራል። ገዢ ስለ አንድ ጭነት ቅሬታ ሲያቀርብ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው ድረስ የሚያደርሰው ይህ ሐረግ ነው።

ዘርፍን ከመለያና ከቃላት መፍቻ ጋር ማደባለቅ የተለመደ ስህተት ነው። ዘርፍ ቤት ነው፤ በጥቂቱና በጥንቃቄ ይሠራል። መለያ ማንም የሚለጥፈው ምልክት ነው፤ «ያልተጣራ»፣ «ለኦዲት»፣ «የሊሙ የታጠበ» እንደማለት። የቃላት መፍቻ ደግሞ ድርጅቱ የተስማማባቸውን ቃላት ትርጉም ይይዛል። «ሊሙ» የሚባል ዘርፍ የሠራ ድርጅት ብዙ ሳይቆይ «ጅማ» እና «ከፋ» የሚሉም ያስፈልጉታል፤ በየአንዳንዳቸውም ግዢ፣ ጥራትና ሽያጭ ይደገማሉ። የቡናው መገኛ መለያ ቢሆን ይበቃል።

ዓመቱ የማን ነው?

ስለ ካታሎግ በውጭ የተጻፉ መመሪያዎች የማያነሡት፣ እኛ ዘንድ ግን ከባድ ጥፋት የሚያስከትል ነገር የዘመን አቆጣጠር ነው። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ 2017 ዓ.ም. የተለቀመ ቡና በግዢ መዝገብ 2017 ተብሎ ይገባል፤ በመርከብ ሰነዱ ላይ 2025 ይሆናል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ነሐሴ 2016 የተከፈለ ሒሳብ በፋይናንስ ዘንድ የ2017 ነው። ሦስቱ ሰንጠረዦች «ዓመት» የሚል አንድ ዓይነት ርዕስ ቢኖራቸውና አንድ ሰው ቢያገናኛቸው፣ ያልተመረተ ምርት ወይም ያልተሸጠ ሽያጭ ይወጣል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ በእጅ የሚጻፈው 3 ሰዓት በማሽኑ መዝገብ 9 ነው።

በዚህ ረገድ ከራሱ ከጅማ የሚወሰድ ምሳሌ አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ መልኮ ላይ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተው የግብርና ምርምር ማዕከል፣ የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በአገሪቱ ከታየ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጦ አሠራጭቷል። አርሶ አደሩ ዛሬም በቁጥራቸው ይጠራቸዋል፦ 74110፣ 74112፣ 74158። መጀመሪያ ላይ ያለው 74 ናሙናው የተሰበሰበበት ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. 1974። ይህን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያነበበ የዝርያውን ታሪክ በሰባትና ስምንት ዓመት ያዛባል። ቁጥሩን የመረጡት ሰዎች መረጃውን በስሙ ውስጥ አስቀምጠውታል፤ ትርጉሙ ካልተጻፈ ግን የሚያውቁት ሲያልፉ ያልፋል። ካታሎግ ለዚህ ነው የሚያስፈልገው፤ በእያንዳንዱ የቀን ዓምድ አጠገብም የዘመን አቆጣጠሩ መጻፍ አለበት።

የስም ነገርም አለ። በጎማ፣ በማና ወይም በሰቃ ጨቆርሳ የሚመዘገብ አርሶ አደር ስሙ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ይጻፋል፤ አንዱ መዝጋቢ «መሐመድ» ያለውን ሌላው «ሙሐመድ» ይለዋል። ቀበሌው በአንዱ ቅጽ «ቀበሌ»፣ በሌላው «ጋንዳ» ነው። የአርሶ አደሮች መዝገብ በአንድ ዘርፍ እጅ ካልሆነ አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆኖ ይቆጠራል፤ የክፍያ ማበረታቻ ሲመጣ ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ይታያል።

ካርታ፣ ሕግና የግል መረጃ

የአውሮፓ ኅብረት ከደን ጭፍጨፋ ነጻ የሆኑ ምርቶችን የሚመለከተው ደንብ፣ ቁጥር 2023/1115፣ ቡናን ይጨምራል። አፈጻጸሙ ቢራዘምም የሚጠይቀው ግልጽ ነው፦ ቡናው የተመረተበት ማሳ የጂፒኤስ መገኛ። እስከ አራት ሄክታር ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያው ይሳላል። መሬቱ ከታህሳስ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደን ተመንጥሮ የተገኘ መሆን የለበትም። ስለዚህ የማሳ መገኛ፣ የአርሶ አደር ስም፣ የርክክብ ደረሰኝና የእጣ ቁጥር መያያዝ አለባቸው፤ አራቱ ደግሞ በተለምዶ በአራት ሰዎች እጅ ናቸው። ካታሎግ የማያውቁ ብዙ ላኪዎች ስለ ዳታ አደረጃጀት እንዲያስቡ የሚያስገድዳቸው ይህ ግዴታ እንደሚሆን አምናለሁ።

ያው መዝገብ ግን የሰዎችን ቤትና ኑሮ ያሳያል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ስም፣ ስልክና የባንክ ሒሳብ የያዘ ሰንጠረዥ እንደማንኛውም ፋይል በኢሜይል የሚበተን አይደለም። ካታሎጉ ማንም ሰው ሰንጠረዡ መኖሩንና ዓምዶቹን እንዲያይ ሊፈቅድ ይችላል፤ ውስጡን ለማየት ግን የዘርፉን ባለቤት ማስፈቀድ ይጠበቃል።

መሣሪያው

ነጻ የሆኑ መሣሪያዎች አሉ። ከሊፍት የወጣው አሙንድሰን፣ ከሊንክድኢን የወጣው ዳታሃብ፣ ኦፕንሜታዳታና አፓቼ አትላስ ይጠቀሳሉ። ዳታሃብ ዘርፍን፣ መለያንና የቃላት መፍቻን ለየብቻ ስለሚይዝ ከላይ የተባለውን ልዩነት ለመማር ይረዳል። ሆኖም እነዚህን ተክሎ የሚያንቀሳቅስ ሰው ያስፈልጋል፣ መብራትና ኢንተርኔት ሲቋረጥም ሥራው ይቆማል። ሃምሳ ፋይል ላለው ድርጅት አንድ የኤክሴል ገጽ ይበቃል፤ የዳታው ስም፣ ዘርፉ፣ ባለቤቱ፣ መለኪያው፣ የዘመን አቆጣጠሩ፣ የሚገኝበት ቦታና የመጨረሻ የታየበት ቀን። ከመሣሪያው ይልቅ ባለቤቱን ማሳመን ይበልጥ ይከብዳል፤ «ባለቤት» የሚለው ዓምድ በክፍል ስም ሳይሆን በሥራ መደብና በስልክ ቁጥር ካልተሞላ ማንም አይጠየቅበትም።

አንድ ጊዜ ሁሉን ለመመዝገብ የተነሣ አይጨርስም። በግዢና በጥራት ጀምሮ፣ በሁለቱ መካከል የሚተላለፈውን የእጣ ቁጥር አጥርቶ፣ ከዚያ ወደ መጋዘን መሄድ ይሻላል። ጊዜውም ክረምቱ ነው። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ማጠቢያዎቹ ባዶ ናቸው፣ መዝጋቢዎቹም ቁጭ ብለው ስለ ቃላት ለመነጋገር ፋታ አላቸው። እሸቱ መቅላት ከጀመረ በኋላ ግን በየጣቢያው ሰልፍ ይሆናል፣ ሚዛኑም እስከ ማታ አያርፍም፤ ያኔ የሚጻፈው ዳታ ክረምት ላይ የተስማሙበትን ቅጽ ተከትሎ የሚሞላ ነው።