ዐሥር ጊዜ የወሰደው ዋንጫ የተሰረዘበት ክለብ፦ ቢሾፕ ኦክላንድ

ቢሾፕ ኦክላንድ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በደርሃም አውራጃ፣ በዊር ወንዝ ዳር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የነዋሪዎቿ ቁጥር ከ25,000 ብዙም አይርቅም። በስሟ የሚጠራው የእግር ኳስ ክለብ በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግም ሆነ ከሥሩ ባሉት ሦስት የፕሮፌሽናል ዲቪዚዮኖች አንድም የውድድር ዘመን ተጫውቶ አያውቅም። ሆኖም የእንግሊዝን የአማተሮች (ደመወዝ የማይከፈላቸው ተጫዋቾች) ዋንጫ 10 ጊዜ ወስዶ ማንም ያልደረሰበት ክብረ ወሰን ይዟል፤ 100,000 ተመልካች በሞላበት የለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ተጫውቷል፤ ማንችስተር ዩናይትድ ልጆቹን በአውሮፕላን አደጋ ባጣ ጊዜም ተጫዋች አውሶታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደዚህ ያሉትን ክለቦች እንግሊዞች “ከሊግ ውጭ” ይሏቸዋል። ስያሜው ግር ያሰኛል፤ ክለቦቹ የራሳቸው ሊግ አላቸውና። “ሊግ” የሚባለው ግን በ1888 የተመሠረተው አንጋፋው የእንግሊዝ እግር ኳስ ሊግ ነው። ዛሬ ፕሪሚየር ሊጉን ጨምሮ በአራት እርከን 92 ክለቦች አሉ፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ፣ አሥረኛ እርከን ላይ ያለውም ቢሆን፣ በአንድ ስም “ከሊግ ውጭ” ይባላል። በድሮው ጊዜ ከታች ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ ነጥብ አልነበረም። በሊጉ ግርጌ ያለቀው ክለብ በሌላ እንዲተካ የሚወስኑት የሊጉ ክለቦች ራሳቸው በድምፅ ብልጫ ነበር፤ ክለቦቹ ደግሞ የቆየ ጎረቤታቸውን ማባረር እምብዛም አይወዱም። አሸናፊው ያለ ምርጫ በቀጥታ የሚያልፍበት ሥርዓት የመጣው በ1987 ነው።

የከተማዋ ስም “የጳጳሱ ኦክላንድ” ማለት ነው። የደርሃም ጳጳሳት ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩበት ቤተ መንግሥት ዛሬም በገበያው ጫፍ ቆሟል። (የኒውዚላንዷ ኦክላንድ ስሟን ያገኘችው ከአንድ ሎርድ ማዕረግ ሲሆን፣ ማዕረጉ ራሱ የተወሰደው ከዚህችው ከተማ አጠገብ ካለችው ከዌስት ኦክላንድ መንደር ነው።) ኳሱም የመጣው በዚያው በጳጳሱ ደጅ በኩል ነበር። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ጳጳስ የነበሩት ጆሴፍ ላይትፉት ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ የተመረቁ ወጣቶችን በቤተ መንግሥታቸው ሰብስበው ለቅስና ያዘጋጁ ነበር። ወጣቶቹ ከጸሎትና ከትምህርት በተረፈ ጊዜያቸው ኳስ ይጫወቱ ስለነበር በ1882 በቤተ ክርስቲያን ተቋም ስም ቡድን ተቋቋመ። በ1886 በተነሣ አለመግባባት የከተማው ሰዎች ተገንጥለው የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ፤ የዛሬው ክለብ የልደት ዓመቱን የሚቆጥረው ከዚያ ነው። ማሊያው ግን የተማሪዎቹን ቀለም ይዞ ቀረ፦ ግማሹ የኦክስፎርድ ጥቁር ሰማያዊ፣ ግማሹ የካምብሪጅ ውኃ ሰማያዊ። የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጆች የሁለቱን ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ቀለም ለብሰው መጫወታቸውን ያኔ ማን እንዳስተዋለው እንጃ፤ ለእኔ ግን ከታሪኩ ሁሉ የሚጥመኝ ይህ ነው።

አካባቢው የከሰልና የባቡር አገር ነበር። በ1825 መንገደኛ ጭኖ የተንቀሳቀሰው ዝነኛው የስቶክተንና ዳርሊንግተን ባቡር ሎኮሞቲቩ የተቀጠለለት እዚያው ጎረቤት ሺልደን ላይ ነው። እያንዳንዱ የማዕድን ጉድጓድ የራሱ መንደር፣ እያንዳንዱ መንደር የራሱ ቡድን ነበረው። እነዚህን ቡድኖች የሚያወዳድረው የሰሜን ሊግ በ1889 ተመሠረተ፤ ዛሬም ድረስ ካሉት ሊጎች በዕድሜ የሚበልጠው አንጋፋው የእግር ኳስ ሊግ ብቻ ነው። ቢሾፕ ኦክላንድ ይህንን ሊግ 19 ጊዜ አሸንፏል።

ትልቁ ሕልም ግን የአማተሮች ዋንጫ ነበር። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ውድድሩን የጀመረው በ1893 ነው፤ ፕሮፌሽናልነት ሕጋዊ ከሆነ በኋላ ኤፍኤ ካፕን፣ የማኅበሩን አንጋፋ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ የሚከፈላቸው ተጫዋቾች ስለወረሱት ለማይከፈላቸው የተለየ ዋንጫ አስፈለገ። ቢሾፕ ኦክላንድ በ1896 የመጀመሪያውን ወሰደ። ከዚያ በ1900፣ በ1914፣ በ1921፣ በ1922፣ በ1935 እና በ1939 ደገመ። በስምንት ሌሎች የፍጻሜ ጨዋታዎች ደግሞ ተሸንፏል፤ በድምሩ 18 ጊዜ ለፍጻሜ ደርሷል ማለት ነው።

“አማተር” የሚለው ቃል ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በወረቀት ላይ ተጫዋቹ ከመጓጓዣና ከመሰል ወጪዎች በቀር ሳንቲም አይነካም። በተግባር ከጨዋታ በኋላ ጫማው ውስጥ ገንዘብ የሚያገኝ አማተር በአገሪቱ ሁሉ ሞልቶ ነበር፤ ማኅበሩም፣ ጋዜጦቹም፣ ተመልካቹም ያውቁ ነበር። በሌላ በኩል የፕሮፌሽናሉ ደመወዝ እስከ 1961 ድረስ በጣሪያ የታሰረ ሲሆን በመጨረሻዎቹ ዓመታት እንኳ በሳምንት ከ20 ፓውንድ አይበልጥም ነበር። ስለዚህ መምህር ወይም ነጋዴ የሆነ ጎበዝ ተጫዋች ሥራውን ሳይለቅ በአማተርነት መቆየቱ ሞኝነት አልነበረም። ቢሾፕ ኦክላንድን ያገነነው ይህ ሒሳብ ነው ብል የተጋነነ አይሆንም።

የክለቡ ወርቃማ ዘመን 1950ዎቹ ናቸው። ከ1949 ጀምሮ የአማተሮች ዋንጫ ፍጻሜ በዌምብሌይ ይደረግ ስለነበር ለአንድ የማዕድን ከተማ ሰው ለንደን መውረድ የዓመቱ ታላቅ ጉዞ ሆነ። አጀማመሩ ግን አሳፋሪ ነበር፤ በ1950 በጎረቤቱ በዊሊንግተን 4 ለ 0፣ በ1951 ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ ተማሪዎች በተውጣጣው ፔጋሰስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ማሊያው የመሥራቾቹን ቀለም የያዘው ክለብ በመሥራቾቹ የልጅ ልጆች ተቀጣ ማለት ይቻላል።

በ1954 የመጣው ከሁሉም ባሰ። ተጋጣሚው ክሩክ ታውን ነበር፤ ሁለቱ ከተሞች በጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚራራቁ ናቸው። ለመገናኘት 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው 100,000 ሰው ፊት 2 ለ 2 ተለያዩ። ድጋሚው በኒውካስል ሜዳ ከ50,000 በላይ ሰው እያየ አሁንም 2 ለ 2 አለቀ። ሦስተኛው በሚድልስብራ፣ ከ36,000 በላይ ተመልካች ባለበት፣ በክሩክ 1 ለ 0 አሸናፊነት ተቋጨ። አንድ የአማተር ዋንጫ ለመወሰን ሦስት ሜዳ ሞላ። ዛሬ በቴሌቪዥን የሚተላለፉ ሊጎች እንኳ እንዲህ ያለ ጉባኤ የሚያገኙት በስንት ልፋት ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ማንም አልቻላቸውም። በ1955 ሄንደንን 2 ለ 0፣ በ1956 ኮሪንቲያን ካዡዋልስን በድጋሚ ጨዋታ 4 ለ 1፣ በ1957 ዊኮምብ ዋንደረርስን 3 ለ 1 አሸንፈው ዋንጫውን በተከታታይ አነሡ። በ1954/55 በኤፍኤ ካፕም ክሪስታል ፓላስን በሜዳው 4 ለ 2 ከረቱ በኋላ የሁለተኛ ዲቪዚዮኑን ኢፕስዊች ታውን በድጋሚ ጨዋታ 3 ለ 0 አሰናበቱት። አራተኛው ዙር ላይ ያቆማቸው ዮርክ ሲቲ ነው፤ እርሱም ያን ዓመት እስከ ግማሽ ፍጻሜ ዘልቋል።

የቡድኑ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ወግ ይወጣቸዋል። ሼመስ ኦኮኔል የካርላይል ከብት ነጋዴ ነበር። አማተር ስለሆነ ውል አያስረውምና በ1954/55 ለቼልሲም ይጫወት ነበር። በጥቅምት 1954 በመጀመሪያ ጨዋታው ማንችስተር ዩናይትድ ላይ ሦስት ግብ አገባ፤ ቼልሲ ግን 6 ለ 5 ተሸነፈ። በዓመቱ መጨረሻ ቼልሲ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ሲያነሣ ኦኮኔል ከቢሾፕ ኦክላንድ ጋርም የአማተሮች ዋንጫ አሸናፊ ነበር። የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆኖ ከብቱን መሸጡን ቀጠለ። ግብ ጠባቂው ሃሪ ሻራት መምህር ሲሆን ኳስ ወደ እርሱ የማትመጣበት ጨዋታ ስለሚሰለቸው አንድ ክረምት ግቡ መስመር ላይ የበረዶ ሰው ሠራ ይባላል። አማካዩ ቦብ ሃርዲስቲ ደግሞ በ1948ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ለብሪታንያ ተጫውቷል። የዚያ የኦሊምፒክ ቡድን አሠልጣኝ የማንችስተር ዩናይትዱ ማት በዝቢ ነበሩ፤ ይህ ትውውቅ ከአሥር ዓመት በኋላ ለቁም ነገር ዋለ።

የካቲት 6 ቀን 1958 ማንችስተር ዩናይትድን የያዘው አውሮፕላን ሙኒክ ላይ ተከሰከሰ። 23 ሰዎች ሞቱ፤ ስምንቱ ተጫዋቾች ነበሩ። በዝቢ ሆስፒታል ተኝተው ቡድኑን የያዙት ምክትላቸው ጂሚ መርፊ ናቸው። የመጀመሪያውን ቡድን ለማሟላት ወጣቶቹን ከተጠባባቂው ቡድን ሲያነሡ ተጠባባቂው ራሱ ተራቆተ። ያኔ ሦስት የቢሾፕ ኦክላንድ ሰዎች ወደ ዩናይትድ ሜዳ ወደ ኦልድ ትራፎርድ ሄዱ፦ ሃርዲስቲ፣ ዴሬክ ሌዊንና ዋረን ብራድሊ። ሃርዲስቲ 37 ዓመቱ ነበር። የሄዱት ለዝና አልነበረም፤ የተጠባባቂው ቡድን ጨዋታዎች እንዳይሰረዙ ነው።

ከሦስቱ ብራድሊ ቀረ። ይህ አጭር የመስመር አጥቂ ለመጀመሪያው ቡድን ከ60 በላይ ጨዋታ አደረገ፤ በግንቦት 1959 በዌምብሌይ ጣሊያን ላይ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፎ ግብ አስቆጠረ። በአንድ የውድድር ዘመን ለአማተሩም ለዋናውም ብሔራዊ ቡድን ተጫወተ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ መምህርነቱን አልተወም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቢሾፕ ኦክላንድ የገንዘብ ችግር ላይ ሲወድቅ ማንችስተር ዩናይትድ ገቢ ማሰባሰቢያ ጨዋታ አድርጎለታል። ውለታው 38 ዓመት ያህል ቆይቶ ተመለሰ።

ከ1957 ወዲህ ያለው ታሪክ የቁልቁለት ነው፤ በአንድ ቀን የመጣ ውድቀት ግን አይደለም። የደመወዝ ጣሪያው ሲነሣ ጎበዝ ተጫዋች በአማተርነት የሚቆይበት ምክንያት ጠፋ። የከሰል ጉድጓዶቹ በየተራ ተዘጉ፤ የደርሃም የመጨረሻው በ1993 ተዘግቷል። በ1974 ደግሞ የእግር ኳስ ማኅበሩ በአማተርና በፕሮፌሽናል መካከል የነበረውን ልዩነት ሰረዘ። ሁሉም “ተጫዋች” ተባለ፤ የአማተሮች ዋንጫም አብሮ ቀረ። የቢሾፕ ኦክላንድን ክብረ ወሰን ከእንግዲህ የሚሰብር የለም፤ የሚያሻሽለውም የለም፣ ራሱን ክለቡን ጨምሮ።

የሰሜን ሊግ ይህን ለውጥ የተቀበለው በግትርነት ነው። በሌላው አገር ሊጎች እየተያያዙ ወደ ላይ የሚያስወጣ መሰላል ሲሠራ የሰሜን ሊግ ክብሩን ጠብቆ ለብቻው ቆመ፤ ወደ መሰላሉ የገባው በ1991 ነው። በእኔ አስተያየት ትልቁ ስሕተት ይህ ነበር። ቢሾፕ ኦክላንድ ያሸነፋቸውን ክለቦች ብቻ ብንከተል ነገሩ ይገባናል። በ1935 በፍጻሜው የረታው ዊምብልደን በ1964 ፕሮፌሽናል ሆነ፣ በ1977 ሊጉ ውስጥ ገባ፣ በ1988 ሊቨርፑልን አሸንፎ ኤፍኤ ካፕን ወሰደ። በ1957 የረታው ዊኮምብ በ1993 ሊጉን ተቀላቀለ። 3 ለ 0 ያሰናበተው ኢፕስዊች ሰባት ዓመት ብቻ ቆይቶ በ1962 የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ቢሾፕ ኦክላንድ ራሱ የሰሜን ሊግን ትቶ ወደ ሰሜን ፕሪሚየር ሊግ የተሻገረው በ1988፣ ዊምብልደን ዌምብሌይ ላይ ዋንጫ ባነሣበት ዓመት ነው። በ2006 ወደ መጣበት ወደ ሰሜን ሊግ ወረደ።

በመሐሉ ሜዳውንም አጣ። ኪንግስዌይ የሚባለው የጥንቱ ሜዳ ከክሪኬት ክለብ ጋር የሚጋሩት ሲሆን ለተመልካች የሚመቸው በሦስት ጎን ብቻ ነበር፤ አራተኛው ወገን ለክሪኬቱ ክፍት ነው። የአዲሱ ዘመን ደረጃ መስፈርት እንዲህ ያለውን ሜዳ አይቀበልም። ከ2001 ወዲህ ክለቡ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በጎረቤቶቹ ሜዳ በእንግድነት ተጫወተ። ካስጠጉት አንዱ ዌስት ኦክላንድ ነው። ያቺ መንደር የራሷ ተረት የሚመስል ታሪክ አላት፤ በ1909 የማዕድን ሠራተኞቿ ቡድን ቱሪን ሄዶ ሰር ቶማስ ሊፕተን የሰጡትን ዋንጫ ወሰደ። በየቤታችን የምንጠጣው የሊፕተን ሻይ ባለቤት ማለት ናቸው። በ1911 ተመልሶ ዩቬንቱስን 6 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ለዘለቄታው የራሱ አደረገ፤ ለጉዞው የተበደረውን ለመክፈል ግን ለአንዲት የሆቴል ባለቤት በ40 ፓውንድ አስያዘው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ዋንጫው ተዋጅቶ ቢመለስም በ1994 ተሰረቀ፤ ዛሬ መንደሩ ውስጥ ያለው ቅጂው ነው።

ቢሾፕ ኦክላንድ በ2010 ከከተማዋ ዳር ሄሪቴጅ ፓርክ የተባለ የራሱን ሜዳ አገኘ። ማሊያው እንደ ጥንቱ ግማሹ ጥቁር ሰማያዊ፣ ግማሹ ውኃ ሰማያዊ ነው። ኪንግስዌይ ላይ አሁን የሚጫወቱት የክሪኬት ሰዎች ብቻ ናቸው።