በረጅም የሞተር ሳይክል ጉዞ ላይ ድካምና ምቾት

ረጅም የሞተር ጉዞ ሲባል በአንድ ቀን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ መንዳት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጉዞ የሚፈትነው ሞተሩን ብቻ አይደለም። ወገብ፣ አንገት፣ ጆሮና የእጅ አንጓ ይፈተናሉ። ከሁሉም በላይ የሚፈተነው ግን ንቃት ነው።

ብዙ የነዱ ሞተረኞች ምቾትንና ድካምን ነጥለው አያዩም። የሚቆረቁር መቀመጫ፣ ግንባር ላይ የጠበቀ ሄልሜት፣ የቀዘቀዘ ጣት ለየብቻቸው ትንሽ ነገር ይመስላሉ። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ልብን ከመንገዱ ላይ ይሰርቃሉ። ስምንት ሰዓት ከተነዳ በኋላ ለመንገዱ የሚተርፈው ልብ ትንሽ ነው።

ከየት ተጀመረ

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1903 ጆርጅ ዋይማን ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስቶ በ50 ቀን ኒው ዮርክ ገባ። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በሞተር በሚሄድ ነገር ያቋረጠ የመጀመሪያው ሰው ነው። የነዳው ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት ቢባል ይቀላል። ደህና መንገድ ሲጠፋ የባቡር ሐዲድ መሃል ገብቶ፣ በእንጨቶቹ ላይ እየተንገጫገጨ ይሄድ ነበር። ኒው ዮርክ ሳይደርስ አልባኒ ከተማ ላይ ሞተሩ እምቢ አለው። የቀረውን መንገድ ፔዳል እየረገጠ ጨረሰው።

በ1914 ኧርዊን ቤከር ከሳን ዲዬጎ እስከ ኒው ዮርክ ያለውን መንገድ ኢንዲያን በተባለ አሜሪካ ሠራሽ ሞተር በ11 ቀን ተኩል ገደማ ጨረሰ። «ካነንቦል» (የመድፍ ጥይት) የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት ከዚህ ጉዞ በኋላ ነው። በ1916 ደግሞ እህትማማቾቹ ኦገስታና አደሊን ቫን ቢዩረን በየራሳቸው ኢንዲያን ከኒው ዮርክ ተነስተው ካሊፎርኒያ ደረሱ። ሁለት ወር ገደማ ፈጀባቸው። ጭቃውና ድካሙ አልበቃ ብሎ፣ የወንድ ልብስ ለብሳችኋል ተብለው መንገድ ላይ ተይዘዋል። የለበሱት እኮ የቆዳ ሱሪ ነበር፤ ማንኛውም ሞተረኛ ገላውን የሚጠብቅበት ልብስ።

ቀጥሎ ባሉት አሥርት ዓመታት መንገዱም ሞተሩም እየተሻሻለ ሄደ። በምቾት በኩል ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1970ዎቹ ነው። ሆንዳ በ1975 ጎልድ ዊንግ የተባለውን የረጅም ጉዞ ሞተር አወጣ። ቢኤምደብሊው በ1976 ያወጣው አር 100 አርኤስ ከፋብሪካው ሙሉ የንፋስ መከላከያ ለብሶ መጣ። ደረትን ቀኑን ሙሉ ለነፋስ መስጠት ግዴታ መሆኑ ቀረ።

አይረን በት

ስለ ረጅም ጉዞ ድካም ዛሬ የሚታወቀው ነገር ብዙው የተጠራቀመው በአንድ ማኅበር ዙሪያ ነው። ስሙ አይረን በት አሶሲዬሽን ነው፤ በጨዋ አማርኛ «የብረት መቀመጫ» ማለት ነው። ከስሙ ጋር የተያያዘው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1984 ነው። በ11 ቀን 11,000 ማይል ገደማ ይነዳበታል። ሲካፈል በቀን 1,000 ማይል፣ ማለትም 1,609 ኪሎ ሜትር ይመጣል። አሥራ አንድ ቀን በተከታታይ!

ብዙዎች ማኅበሩን የሚቀላቀሉት ግን «ሳድልሶር 1000» በተባለው ፈተና በኩል ነው። 1,000 ማይል በ24 ሰዓት ውስጥ መጨረስ አለበት። ማስረጃው የማደያ ደረሰኝ ነው። ደረሰኙ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው መታየት አለበት። በ36 ሰዓት 1,500 ማይል የሚነዳበት «በን በርነር» የሚባልም አለ።

ለማያውቀው ሰው ይህ የፍጥነት ውድድር ይመስላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። 1,609 ኪሎ ሜትር ለ24 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት 100 የሚነዳ ሰው ከ16 ሰዓት ትንሽ አለፍ ባለ ጊዜ ይጨርሰዋል። ወደ ስምንት ሰዓት ይተርፈዋል። ጊዜ የሚበላው ማደያ ላይ በወዲያ ወዲህ የሚባክነው ነው፤ ጓንት ፍለጋ፣ ቦርሳ መፍታት፣ ስልክ መነካካት። ስለዚህ ልምድ ያለው ሞተረኛ ፍጥነት አይጨምርም። የሚፈልገውን ሁሉ በእጁ በሚደርስበት ኪስ አድርጎ ይነሳል፤ ከመቆሚያው ያተረፈውን ጊዜ ይተኛበታል። በትልቁ ውድድርም ሞተረኛው ለተመዘገበ ዕረፍት ነጥብ ያገኛል። እንቅልፍ ነጥብ የሚያስገኝበት ሌላ የሞተር ውድድር መፈለግ ያስቸግራል።

እንዲህ ያሉ ፈተናዎች ሰውን ደክሞት እንዲነዳ ይገፋፋሉ የሚሉ አሉ። ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ቢሆንም ስለ እንቅልፍና ስለ ዕረፍት እንደነዚህ ሰዎች አጥብቆ የሚናገር የሞተረኛ ስብስብ የለም ማለት ይቻላል።

መቀመጫ፣ እጅ፣ ጆሮ

የተቀመጠ ሰው ክብደት የሚያርፈው ከታች ባሉ ሁለት አጥንቶች ላይ ነው። ለስላሳ ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ ሲሞከር ደስ ይላል። ሁለት ሰዓት ከተቀመጡበት በኋላ ግን ተጨፍልቆ አጥንቱን ከጠንካራው መደብ ጋር ያገናኘዋል። ጠንከርና ሰፋ ያለው ስፖንጅ ይሻላል የሚሉት ለዚህ ነው። በአየር የሚሞላ ትራስ፣ የበግ ለምድ ወይም የጨሌ ምንጣፍ የሚመርጡም አሉ። ሁሉም በራሱ ምርጫ ይምላል። የውስጥ ሱሪ ጉዳይ ግን ብዙም አያከራክርም። ጥጥ ላብ ይዞ ይቆያል፣ ወፍራም ስፌቱም ይከረክራል። ስስ፣ ስፌት የሌለውና ቶሎ የሚደርቅ ይመረጣል።

ቀኝ እጅን እንመልከት። የጋዙን እጀታ ለሰዓታት ጠምዝዞ እንደያዘ ይቆያል። መጀመሪያ ትንሿ ጣት ትደነዝዛለች፣ ከዚያ የቀለበት ጣት ትከተላለች። ሞተረኛው እጁን አንስቶ ያራግፋል፤ ሞተሩም ወዲያው ፍጥነቱን ይቀንሳል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ንዝረትና አጥብቆ መያዝ ነው። እጀታውን ለቀቅ አድርጎ መያዝ፣ መዳፍ የሚያርፍበት ትንሽ ማስደገፊያ መግጠም፣ የመሪው ጫፍ ላይ ክብደት መጨመር ያቀለዋል። ፍጥነትን ራሱ የሚጠብቅ ሞተር ካለ እሰየው ነው።

ጆሮ የተረሳ ነገር ነው። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ ሄልሜት ውስጥ ያለው የንፋስ ድምፅ 95 ዴሲቤልን (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ሊያልፍ ይችላል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም መመሪያ 85 ዴሲቤልን ለስምንት ሰዓት ይፈቅዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 97 ላይ የሚቀረው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ጩኸቱ ራሱ ያደክማል። ጆሮ ውስጥ የሚገባ የስፖንጅ መድፈኛ ለዋጋው ከሚገዛ ዕቃ ሁሉ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይደለም።

ብርድና ሙቀት

በ5 ዲግሪ ብርድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የተገለጠ ቆዳው የሚሰማው ከዜሮ በታች 3 ገደማ ነው። የቀዘቀዘ ጣት ፍሬንና ፍሪሲዮን ላይ ይዘገያል። ሙቀት ላይ ደግሞ ብዙዎች ይሳሳታሉ። አየሩ ከሰውነት ሙቀት ሲበልጥ ጃኬት ከፍቶ መንዳት ሰውነትን ያሞቃል፣ ላቡንም ጨርሶ ያደርቀዋል። ያኔ ጃኬቱን ዘግቶ ከሥሩ እርጥብ ሰደርያ መልበስ ይሻላል። ውሃም እየነዱ በሚጠጡበት ቱቦ በኩል ጥቂት በጥቂት ይጠጣል።

እንቅልፍ

ለ17 ሰዓት ያልተኛ ሰው ንቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚሆን ጥናቶች አሳይተዋል። አደገኛው ሰዓት ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላም ሌላ መዳከም ይመጣል።

በሰዓት 100 የሚሄድ ሞተር በሴኮንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሞተረኛውን አራት ሴኮንድ ሽልብ ካደረገው ሞተሩ ከ110 ሜትር በላይ ማንም ሳይነዳው ሄዷል ማለት ነው። ሽልብታው ከመምጣቱ በፊት ግን ምልክት ይሰጣል። ማርሽ ይሳሳታል። ፍጥነት ያለ ምክንያት ይወርዳል፣ ይወጣል። የታለፈው ከተማ ስም ይጠፋል። ሞተረኛው ቆሞ የጎን ማስደገፊያውን ሳያወርድ ለመውረድ ይሞክራል።

የተጠጣ ቡና ማንቃት እስኪጀምር ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ስለዚህ ጠጥቶ ወዲያው ለ20 ደቂቃ መተኛት ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሲነቁ ሁለቱም አብረው ይደርሳሉ። ከጉዞው ጥቂት ቀን ቀደም ብለው ቡና የሚቀንሱ አሉ፤ ያኔ ትንሽ ቡና ይበቃቸዋል።

በማኅበሩ ሰዎች አነጋገር «አይረን በት ሞቴል» የሚባል ማደሪያ አለ። አልጋም በርም የለውም። መብራት ያለው ማደያ ጥግ፣ መኪና የማይደርስበት ቦታ፣ ሞተሩ በማስደገፊያው ቆሞ፣ ሰውየው ከጎኑ መሬት ላይ በጀርባው ተጋድሞ። ሄልሜቱን አያወልቅም፤ ትራሱ እሱ ነው። ጓንቱን ደረቱ ላይ ያስቀምጣል። የስልኩን ደወል ለ20 ደቂቃ ሞልቶ ስልኩን ከጆሮው አጠገብ፣ ሄልሜቱ ውስጥ ይሸጉጠዋል።